የራስን ሕይወት ወደ ልብ ወለድ ስለማምጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ሆነን እንገናኛለን። አጫጭር ልብ ወለድ እንጽፋለን፣ ጮክ ብለን እናነባለን፣ አንዱ የሌላውን ይተቻል፣ አንዳንዴም እንኳረፋለን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ግን ያው ነው። ሕይወቴን ልጻፈው ወይስ ይቅር? እናቴ ብታነበውስ? ሰፈሬ ፈርሷል፣ ከየት ላምጣው? በየሳምንቱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይሄን ያዘጋጀሁት። መምህር አይደለሁም። ጥቂት ታሪኮች አሳትሜያለሁ፣ በአንዱ ምክንያት ደግሞ ከአክስቴ ጋር ዓመት ሙሉ ተዘጋግተናል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ልብ ወለድ ፈጠራ አይደለም እንዴ? የኔ ሕይወት እዚህ ምን ቤት ነው?

ቃሉን እዩት። ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ "ልብ ወለድ ታሪክ" ነበር፤ "ጦቢያ" እየተባለ የተጠራው በኋላ ነው። መውለድ ደግሞ ከባዶ አይሆንም። ልጁ አባቱን ባይመስል እንኳ አፍንጫውን ከአንዱ አያት ማምጣቱ አይቀርም። ስለ ጨረቃ ብትጽፉም ጨረቃ ላይ የሚጣሉት ባልና ሚስት የሚጣሉት እናንተ ቤት በሰማችሁት አነጋገር ነው።

ሕይወቴ ምንም የለውም። ቤት፣ ታክሲ፣ ቢሮ፣ ታክሲ፣ ቤት። ስለ ምን ልጻፍ?

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄን ነው። የሚገርመኝ፣ እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ማኪያቷቸው ሳይመጣ ስለ አለቃቸው ማውራት ይጀምሩና ካፌው ሊዘጋ ሲል እንኳ አልጨረሱም።

ሐዲስ ዓለማየሁን እንውሰድ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል፣ ተማርከው ጣሊያን ሀገር ለዓመታት ታስረዋል፣ ከነፃነት በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ሰው ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ ቢነሣ ጦርነት፣ እስር ቤት፣ ቤተ መንግሥት፣ የውጭ ሀገር ግብዣ ይጽፋል ብላችሁ ትገምታላችሁ። በ1958 የወጣው "ፍቅር እስከ መቃብር" ግን ጎጃም ነው ያለው። የቆሎ ተማሪው፣ ባላባቱ ቤት፣ ገበሬው፣ የሰው ክብርና ንቀት። እሳቸውም በልጅነታቸው እንደ ዋናው ገጸ ባሕርይ እንደ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። ዘመቻውንና እስሩን ለብቻው "ትዝታ" በሚለው መጽሐፍ ጻፉት፣ የሆነውን እንደሆነው። እኔ ይሄን የማነበው እንዲህ ነው፦ ትልቁ ገጠመኝ ለትዝታ መጽሐፍ ሄደ፣ ማንም ልብ የማይለው ልጅ በነበሩ ጊዜ ጥግ ይዘው ያዩት ደግሞ ልብ ወለድ ሆነ።

ስለዚህ ታክሲውን አትናቁት። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ከፊቴ ነበረች። ከኋላዋ የነበረ ሰው "ቦታዬን ያዢልኝ፣ መጣሁ" ብሏት ሄደ። ዝናብ መጣ። ሰልፉ ተጎተተ። በመሃል ለመግባት የሚሞክረውን ሁሉ "ሰው አለው" እያለች ትመልሳለች፣ እኔንም ጭምር አንድ ርምጃ አስቀርታኛለች። ሰውየው አልተመለሰም። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ዞራ ባዶውን ቦታ አየችው፣ እና እንዲህ ያለ ፊት፣ የተከዳ ሰው ፊት፣ ስሙን ለማታውቀው ሰው! ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ግን ቤቷ ማን ነው የሄደባት? ማንን ነው ቦታ ይዛ የምትጠብቀው? ይሄው ነው እንግዲህ፣ ቤት፣ ታክሲ፣ ቢሮ።

ከሕይወቴ በትክክል ምኑን ነው የምወስደው? የሆነውን እንዳለ ልገልብጠው?

እንዳለ መገልበጥ አይሠራም። ሞክሬዋለሁ።

ያደግሁት ፒያሳ ጀርባ፣ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ በ1981 አሜሪካ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከግቢው አንዱ ቤት ስልክ ገባ። የስልኩ ባለቤት ለስልኩ የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን አሠራችለት፣ ቁልፉን ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ አድርጋ ትዞር ነበር። እሑድ እሑድ አክስቴ ትደውላለች፣ እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ትሮጣለች።

በ1986 አያቴ ሞተች። ለአክስቴ አልተነገራትም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ! ብቻዋን ናት፣ ወረቀት ስላላገኘች መምጣት አትችልም፣ ስትወድቅ የሚይዛት የለም። እዛ ያለ ወዳጅ ተፈልጎ፣ ተሰብስበው በጠዋት ቤቷ ሄደው እስኪያረዷት ይቆይ ተባለ። ፍለጋው አራት ወር ፈጀ። አራት ወር ሙሉ እናቴ ጥቁር ለብሳ እሑድ እሑድ ስልኩ ላይ ቆማ "እማዬ ተኝታለች"፣ "እማዬ ጠበል ሄዳለች"፣ "እማዬ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል" ትላት ነበር። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ፣ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው፣ አሁን እንዳወራኋችሁ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ። ቅዳሜ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ "ያሳዝናል" አለች። ያሳዝናል ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው የሚለው ነው። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን እውነቷን ነው፣ ታሪኩ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር።

ችግሩ የጻፍኩት የማውቀውን ብቻ መሆኑ ነበር። የማላውቀው ነገር ነበር እኮ። አክስቴ ከሆነ እሑድ ጀምሮ "እማዬን አገናኙኝ" ማለት ተወች። እናቴ የምትዋሸው ውሸት ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ጥያቄው ግን አይመጣም። ለምን? አውቃ ነው? ይሄ ጥያቄ ስንት ዓመት ውስጤ ተቀምጧል፣ ጠይቄያትም አላውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ስጽፈው ታሪኩን ከልጁ ነጠቅሁና ለስልኩ ባለቤት ሰጠኋት። እሷ ናት ሣጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የምትሰማው። እሷም ሳትወድ እየሰማች ቀስ እያለ የሚገባት፣ ማዶ ያለችው እህት ካወቀች ቆይታለች፤ የማታውቅ የምትመስለው እህቷ ስልኩ ላይ እንዳትወድቅ ብላ ነው። ሁለት እህትማማቾች በሰው ስልክ፣ ደቂቃ እየተቆጠረባቸው፣ ይዋሻሉ።

ከሕይወት የተረፈው ምንድነው? ቁልፉ። ነጠላው። "ድምጿ ተዘግቷል" የሚለው አነጋገር። እና ያልተመለሰው ጥያቄ። ሌላው ሁሉ ልቤ የወለደው ነው። እኔ የምመክረውም ይሄንን ነው፦ ዕቃውን፣ አነጋገሩን፣ ሽታውን ከሕይወት ውሰዱ፤ የታሪኩን ትልም፣ ማለትም ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን አካሄድ ግን ሕይወት አያውቅበትም፣ መጨረስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ትልሙ የሚወጣው ካልገባችሁ ነገር ነው።

ዘመድ ወይም ጓደኛ ራሱን ቢያገኘውስ?

ያገኘዋል። መጀመሪያ የሚያገኙት ግን የማይመለከታቸው ናቸው። ታሪኩ እንደወጣ መጀመሪያ የደወለችልኝ አንዲት የድሮ ጎረቤት ናት። "ስልኩ ያለው እኔ ቤት ነው አይደል ያደረግኸው፣ አመሰግናለሁ" አለችኝ። ቤቷ ስልክ ገብቶ አያውቅም። ምን ልበላት? "አዎ" አልኳት።

"ስሙን እቀይረዋለሁ" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ስም መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም። ሩሲያዊው ጸሐፊ ቼኾቭ በ1892 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ልብ ወለድ አወጣ፦ ሐኪም ባል ያላት፣ ሥዕል የምትሥል፣ ከአንድ ሠዓሊ ጋር የምትወድቅ ወጣት። ሌቪታን የሚባል ሠዓሊ ደግሞ የቼኾቭ የልብ ጓደኛ ነበር። እሱም በእውነተኛው ሕይወት ባሏ ሐኪም ከሆነ፣ ሥዕል ከምትሥል ሴት ጋር ነበር። ቼኾቭ በደብዳቤ ሲከራከር፣ የ42 ዓመት ሴት በ20 ዓመት ገጸ ባሕርይዬ ውስጥ ራሷን አየች ብሎ ይገረማል። ዕድሜውን ቀየርኩ እኮ ነው የሚለው። ዕድሜውን ቀይሮ ባሉን ሐኪም፣ ውሽማውን ሠዓሊ ትቶት! ሌቪታን ተቀየመው፣ ሦስት ዓመት አካባቢ ተኳርፈው በ1895 ታረቁ። የታሪኩን ጥሩነት ማንም አይክድም። ግን ሰው የሚያውቀን በስማችን ወይም በዕድሜያችን አይደለም። በሥራችን፣ በተጋባነው ሰው፣ በተጣላነው ሰው ነው። መቀየር ካለባችሁ እሱን ቀይሩ፣ ወይም ሦስት ሰው አቅልጣችሁ አንድ አድርጉ፤ የአንዱን ሳል፣ የሌላውን ንፉግነት፣ የሌላዋን ሳቅ።

የኔን ደግሞ ልንገራችሁ። ታሪኩን ለአክስቴ አላሳየኋትም። አሜሪካ ናት፣ አማርኛ መጽሐፍ የት ታገኛለች አልኩ። አንድ ሰው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከላት። ደወለች። የቤተሰብ ጉድ አወጣህ ብላ ትቆጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ያለችው ሌላ ነው። "አዋቂ አደረግኸኝ" አለችኝ። "እኔ እኮ አላወቅሁም ነበር።" የሰማችው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ አንዲት ሴት ያወቀች መስሏት "እናትሽን ነፍስ ይማር" ስትላት። በር ላይ፣ ጫማዋን እያደረገች። "አገናኙኝ" ማለት የተወችው ደግሞ ሁሌ ተኝታለች ስለምትባል ታማሚዋን ከአልጋ እንዳታስነሣ ሠግታ ነው። ይኼው ነው። ጥያቄዬ ስንት ዓመት ተቀምጦ መልሱ ይሄ ነበር፣ እኔ ከፈጠርኩት ይበልጣል፣ ግን ሳልጠይቅ አሳትሜዋለሁ። የኔዋ አክስት ብልህ ናት፣ ሥቃይዋን ቀድማ አውቃ አዘጋጅታዋለች። እውነተኛዋ በር ላይ ነው የወደቀችው። ያን ወስጄባታለሁ። ዓመት አላናገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ፦ ታሪኩ አንድን በሕይወት ያለ ሰው የሚነካ ከሆነ ከመታተሙ በፊት አሳየዋለሁ። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፣ እያንዳንዱን መስመር አስፈቅዶ የሚጽፍ ሰው ምንም አይጽፍም። ግን ማንም ሰው ስለ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጽሐፍ ማንበብ የለበትም።

ቂም ስለመወጣት ለሚጠይቁኝ ደግሞ፦ ይቅርባችሁ። ሥነ ምግባሩን ትተነው፣ ጽሑፉ ይበላሻል። የጠላችሁትን ሰው አፉን ሰፍታችሁ ነው የምታቀርቡት፣ አፉ የተሰፋ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ሁለት ገጽ አይሄድም።

"ከእውነተኛ ሰው ጋር ቢመሳሰል በአጋጣሚ ነው" ብዬ መጀመሪያው ገጽ ላይ ብጽፍስ?

የዚህ ዓረፍተ ነገር ታሪክ ደስ ይላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ኤም ጂ ኤም የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ ስለ ራስፑቲን፣ የሩሲያን ንጉሣዊ ቤተሰብ ስለተጠጋው ባሕታዊ፣ ፊልም ሠራ። ራስፑቲንን ከገደሉት አንዱ ልዑል ፊሊክስ ዩሱፖቭ በሕይወት ነበር። ሚስቱ ልዕልት ኢሪና፣ ፊልሙ ላይ ራስፑቲን ያበላሻት ተብላ የቀረበችው ልዕልት እኔን ነው የምትመስለው ብላ ለንደን ከሰሰች። ፊልሙ ላይ ስሟ ናታሻ ነው፣ ስም ተቀይሯል ማለት ነው። በ1934 አሸነፈች፣ 25,000 ፓውንድ ካሳ። ያ ማሳሰቢያ ፊልም ላይ ሁሉ የተለመደው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ ሀገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 አለ። በንግግር፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ መልካም ስሙንም አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ማድረግ ጥፋት ነው። አንባቢው ማን እንደሆነ ካወቀ ማሳሰቢያው ብዙ አያድናችሁም። ጻፉት፣ አይጎዳም። የምር የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ ግን ካፌ ውስጥ እኔን ሳይሆን ጠበቃ ጠይቁ።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ያየሁትን ብጽፍስ?

በዓሉ ግርማን ሳያነሡ ይሄን ጥያቄ መመለስ አይቻልም። ጋዜጠኛ ነበር፣ በኋላም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ባለሥልጣን ሆነ። በ1974 ደርግ ኤርትራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያውጅ አሥመራ ሄዶ የፕሮፓጋንዳው ሥራ ውስጥ ነበረ። በ1975 "ኦሮማይ" ወጣ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ የሚመራ ጋዜጠኛ ነው። አንባቢው ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ እየለየ አነበበው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይሄን የማነሣው ላስፈራራችሁ አይደለም። ውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነገር እንዳለ ለማሳየት ነው፤ አሥመራን ከሩቅ ያየ ሰው ያንን መጽሐፍ አይጽፈውም። ዋጋው ምን ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ነው አስቦ የሚወስነው፣ እኔ ለሌላ ሰው "ግፋበት" የምልበት ነገር አይደለም። የናንተ ቢሮ ውስጥ ያለው ጉዳይ የአበልና የስብሰባ ከሆነ ግን፣ አይዟችሁ፣ ሥራውን ከፋይናንስ ወደ ውሃ ልማት ቀይሩት፣ አለቃውን ሴት አድርጉት፣ ይበቃል።

ሰው በምሥጢር የነገረኝን ታሪክ መጻፍ እችላለሁ?

በቅጂ መብት ሕጋችን፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ጥበቃ የሚደረገው ለአገላለጹ ነው እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። ቡና ላይ የተነገራችሁን ታሪክ በራሳችሁ ቃል ብትጽፉት በቅጂ መብት የሚጠይቃችሁ የለም። ግን ጥያቄው የሕግ አይደለማ። "ለሰው እንዳትነግር" ተብላችሁ ከሆነ አንባቢ ሰው ነው። ጠይቁ። ብዙ ሰው ሲጠየቅ እሺ ይላል፣ ያልጠበቃችሁትን ዝርዝርም ይጨምርላችኋል።

በጣም ያመመኝን ነገር መቼ ልጻፈው?

ማስታወሻውን ዛሬ፣ ታሪኩን ቆይታችሁ። ትኩስ ቁስል ላይ ሆናችሁ የምትጽፉት ለራሳችሁ ነው፣ ያም መጥፎ አይደለም፣ ቀለል ያደርጋል። ልብ ወለድ ለመሆን ግን ከራሳችሁ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለባችሁ። እኛ ሐዘንን በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት የምንከፋፍለው ያለ ነገር አይደለም፣ ሰው በአርባው የሚያወራውና በሙት ዓመቱ የሚያወራው ይለያያል። በአርባው ስለ ሟች ነው የሚወራው፣ ሁሉም መልአክ ነበር። በዓመቱ አንድ ሰው ይስቃል፣ "ያን ጊዜ እኮ እንዲህ ብሎኝ" ይላል፣ ሟቹ እንደገና ሰው ይሆናል። ሲያስቃችሁ ጻፉት። አንዲት ከኛ ጋር የምትጽፍ ልጅ ስለ ወንድሟ አምስት ጊዜ ጀምራ ጣለችው፤ በስድስተኛው የተበደራትን 200 ብር ይዞ መሞቱን ጻፈች፣ እኛም ልጁን አወቅነው።

ሰፈሬ ፈርሷል። በትዝታ ብቻ እንዴት ልጻፈው?

ይሄ ጥያቄ ድሮ አልነበረም። በ2016 ዶሮ ማነቂያና የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲከተል፣ ከምንሰበሰበው መሃል ግማሾቹ የታሪካቸውን መቼት በአንድ ጊዜ አጡ። የኛም ግቢ የለም። የነበረበትን ቦታ ሄጄ ለካሁት፣ ሣርና የእግረኛ መንገድ ነው አሁን፣ ማታ ማታ መብራት አለው። 22 ርምጃ ወጣ። አምስት አባወራ፣ አንድ ማድ ቤት፣ የውሃ ቧንቧ፣ ውሻ፣ ያ ሁሉ ሩጫ በ22 ርምጃ ውስጥ ነበር! በታሪኬ ውስጥ እናቴ ወደ ስልኩ ስትሮጥ መንገዱ አያልቅም። አላስተካከልኩትም፣ የ11 ዓመት ልጅ ርምጃ ነው።

የምትሠሩት እንዲህ ነው። ትልቅ ወረቀት አምጡና ሰፈሩን ሣሉት። በር፣ ሱቅ፣ ቦኖ፣ ወፍጮ ቤት፣ የጠጅ ቤቱ በር፣ የዕድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት። ባዶ የሚቀር ቦታ ይኖራል። እሱን ይዛችሁ የድሮ ጎረቤት ጋር ደውሉ። አንዱ ቦኖው በስተቀኝ ነበር ይላችኋል፣ ሌላው በስተግራ፣ በዚህ ይጣላሉ፣ እናንተ ጸቡን ጻፉት፣ ከቦኖው ይሻላል። ለዘመኑ ዋጋ፣ ማስታወቂያ፣ የሲኒማ ፕሮግራም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሂዱና የቆየ ጋዜጣ አገላብጡ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አራት ኪሎ ላይ አለላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ጸጥታው ጥሩ ነው።

ደግሞም ውቤ በረሃን አስቡ። ያ የፒያሳ ማታ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሴቶቹ፣ ጠጪዎቹ የሉም። ዛሬ ውቤ በረሃን አውቃለሁ የሚል ወጣት የሚያውቀው ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር "ሌቱም አይነጋልኝ" ነው። ስብሐት ሲጽፈው ቅርስ ላስቀምጥ ብሎ አይመስለኝም። የሚያውቃቸውን ሰዎች እንደሚናገሩት አናገራቸው፣ አለቀ።

በ"እኔ" ልጻፈው ወይስ በ"እሱ"?

ሞክሩት። አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳችኋል፣ ምክንያቱም "እኔ" ስትሉ ወንድ ይሁን ሴት ግሡ አይናገርም፣ "እሷ" ስትሉ ግን እያንዳንዱ ግሥ ይቀየራል፣ እየቀየራችሁ ስትሄዱ ሰውየው ከናንተ ይርቃል። የከበዳችሁን ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ ከ"እኔ" ወደ "እሷ" ገልብጡና አንብቡት። ሌላም አለ፦ እናትና አባታችሁ ሲጠራሩ "አንተ" "አንቺ" ነው ወይስ "እርስዎ"? ሲጣሉስ? አባቴ እናቴን "እርስዎ" ያላት ቀን ቤታችን ውስጥ ጉድ ነበር። እንዲህ ያለውን አንባቢ ሳይነገረው ይሰማዋል።

ሁሉም አንባቢ "ይሄ አንተ ነህ አይደል?" ይለኛል። ምን ልበል?

ልማድ ነው፣ አይቀርላችሁም። በዓሉ "ደራሲው"ን በ1972 ሲያወጣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ያው ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው ተባለ፣ እስከ ዛሬም ይባላል። እኔ "ግማሹ" ነው የምለው። የትኛው ግማሽ ሲሉ ሒሳቡን እጠራለሁ።

የምጽፈው ስለ ምኒልክ ዘመን ነው። የኔ ገጠመኝ ምን ይጠቅማል?

ቀኑንና የጦሩን ስም ከመጽሐፍ ታገኛላችሁ። ደጅ የሚጠና ሰው ጉልበቱን እንዴት እንደሚያመው ግን ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ሦስት ቀን "ነገ ና" የተባላችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ማስታወሻ እንዴት ልያዝ?

ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መላክ ይበቃል። አነጋገር ጻፉ፣ ሐሳብ አትጻፉ፤ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል፣ የሰው አነጋገር ግን እስከ ማታ ይጠፋል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሽማግሌውን "አባቴ፣ ሂሳብ ከእርስዎ አልቀበልም፣ ግን ለወያላነቴ ይመርቁኝ" ሲላቸው ወዲያው ካልጻፍኩት፣ ቤት ስደርስ "ረዳቱ ደግ ነበር" ብቻ ነው የሚቀረኝ።

አክስትህስ ታረቀችህ?

ይሄን በጣም ትጠይቁኛላችሁ። ታርቀናል። ባለፈው ፋሲካ ደወለች፣ በቪዲዮ፣ ታሪኩን እንደገና አንብባዋለች። አሁን የምትቆጣው በሌላ ነው። "ስልኩን ጥቁር አደረግኸው" አለችኝ። "አረንጓዴ ነበር። አስታውሰዋለሁ፣ ሣጥኑ መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው፣ ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ ራሱ ይታየኛል።" ትንሽ ዝም አለችና "እማዬም አንዴ በሱ አናግራኛለች" አለች።

ግቢው ውስጥ ስልክ ሲገባ እሷ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አልነገርኳትም።